የት ነው የወረደው

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬ ጠዋት እንኳ ዘፈናችንን ራሴ ጭኜላቸዋለሁ። ሁለት ተማሪዎች ሜሞሪያቸውን አውጥተው «ወራጅን አስገቢልን» አሉኝ፣ አስገባሁላቸው። ድምፁንም ከፍ አድርጌ አሰማኋቸው። ደስ ብሎኝ ነበር። የገዛ ሥራዬ ነዋ።

ከዚያ የቡድናችን ልጅ ሀብቴ እኔ የምሠራበት ሱቅ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ብልባላ አድሮ መምጣቱ ነው፤ ትናንት እዚያ ቀብር ነበር። ደንበኞቹ እስኪወጡ ቆመ፣ ከዚያ «አጥፊው» አለኝ። ምኑን? «ዘፈኑን አጥፊው!»

የሆነው እንዲህ ነው። አክስቱ እትዬ የሺ የአገሩ አልቃሽ ናቸው። ብልባላ ዙሪያ ሰው ሞቶ እሳቸው ሳይገጥሙለት አይቀበርም። ትናንትም ለሟቹ ካለቀሱ በኋላ እንደ ሁልጊዜው ወደ ራሳቸው ሐዘን ዞሩ። ልጃቸው መላኩ የአውቶቡስ ረዳት ነበር፤ አምና ኅዳር የጋሸናው መንገድ ላይ አውቶቡሱ ሲገለበጥ ተሳፋሪው ሁሉ ተርፎ እሱ ብቻ ሞተ። ያኔ ያወጡት ግጥም ይህ ነው፦

ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ገባ ቤቱ፣
የት ነው የወረደው? ንገሯት ለእናቱ።

ትናንት የመጀመሪያውን ስንኝ ሲሉ፣ ሁለተኛውን ሳይጀምሩት፣ ከኋላ የቆሙ ጎረምሶች ተቀበሏቸው። «የት ነው የወረደው!» አሉ፣ ልክ እንደ ዘፈኑ፣ ምቱን በአፋቸው እየመቱ። የሳቀም ነበር። ስልክ ያወጣም ነበር። እትዬ የሺ ዞር ብለው አዩ፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ፣ ተቀመጡ። ቀብሩ ያለ ለቅሶ አለቀ።

ማታ ሀብቴን «ድምፄን ማን አወጣው?» አሉት። «አላውቅም» አላቸው።

ያወጣነው እኛ ነን። ሀብቴ በመላኩ ለቅሶ ጊዜ በስልኩ ቀድቶ ሰጠኝ፣ እኔ ቆርጬ ከበሮ ሥር አስገባሁት፣ እሱና ባጃጅ ነጂው ሰይድ ራፕ አደረጉበት። አንዳችንም አልጠየቅናቸውም። ክረምት ላይ ለቀቅነው። አሁን ባጃጅ ውስጥ አንድ ሰው «ወራጅ አለ» ሲል ልጆቹ በአንድ ድምፅ «የት ነው የወረደው!» ይሉታል። እኔም እስቅ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሰይድ ባጃጁን ሱቁ በር ላይ አቁሞ እየሮጠ ገባ። «ብርቄ! ደሴ ጠሩን! ቅዳሜ! ትልቁ አዳራሽ!» ሊያቅፈኝ ነበር፣ ጋሽ ደምሴን ሲያይ ተወ። ጋሽ ደምሴ የሱቁ ባለቤት ናቸው፤ ሙዚቃ ከመጫን ይልቅ ካርድ መሸጥ ይሻላቸዋል።

ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠበቅነው። ተማሪ ሳለን ሀብቴ በሚሠራበት እንግዳ ማረፊያ አንድ ፈረንጅ ሲዲ ረስቶ ሄደ። ከአሜሪካ ደቡብ፣ ስሙን ሰምተነው ከማናውቀው ትንሽ ከተማ የወጡ ራፐሮች ናቸው። ቃሉን ይጎትቱታል፣ ያላምጡታል። እንግሊዝኛ የሚችለው የማረፊያው ሥራ አስኪያጅ እንኳ አልገባውም። በኋላ አንድ እንግዳ ነው ያስረዳን፤ እነዚህ ልጆች የአገራቸውን አነጋገር አንተውም ብለው በትልልቁ ከተማ ተሳቀባቸው፣ በአገራቸው ግን ከማንም በላይ ተወደዱ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በየመንደሩ ሠርግና በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲዘፍኑ ኖሩ አለን። እኛ ያኔ የአዲስ አበባ ልጅ ለመምሰል ምላሳችንን እናጣምም ነበር። ከዚያ በኋላ ተውነው። በላስታ አፍ፣ ስለ ላስታ። ስማችንንም «ቀይ አለት» አልነው። የሠርግ ድንኳን፣ የወላጆች በዓል፣ የሆቴል ግቢ። መብራት ሲጠፋ በእጃችን እያጨበጨብን ጨርሰን እናውቃለን። ከዚያ «ወራጅ» መጣና የማያውቁን ሁሉ አወቁን።

ለሰይድ የብልባላውን ነገርኩት። ፈገግታው ቀስ ብሎ ነው የጠፋው።

«እና ምን ይሁን? ሐዘን እኮ የሁሉም ነው። እሳቸውም ዝና አገኙበት» አለኝ።

«ዝና? ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ነው የተቀመጡት።»

«ደሴ የጠሩን ለወራጅ ነው፣ ብርቄ። ለሌላው ማን ይጠራናል?»

እውነቱን ነው። ተጨቃጨቅን። «አንተ ምን ታውቃቸዋለህ?» አልኩት። ያኔ ቆጣ አለ። «እኔ? አባቴ የሞተ ጊዜ ከብልባላ በእግራቸው መጥተው ያለቀሱለት እሳቸው ናቸው። ሼሁ እንኳ ተይ አላሏቸውም። ካንቺ በላይ አውቃቸዋለሁ!» ከዚያ የተናገረው ለራሱ የተሰማው ይመስል ቁልፉን አነሣ። ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ። ያለ ተሳፋሪ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከገጻችን ላይ አጠፋሁት። ከሱቁ ኮምፒውተርም አጠፋሁት። ለካ እወደዋለሁ።

ከሰዓት አንድ ጎረምሳ መጥቶ «ወራጅን» አለኝ። የለም አልኩት። «እንዴ! የራሳችሁ ዘፈን?» ብሎ አዘነልኝና ከራሱ ስልክ ላከልኝ። አመሰገንኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?

የምፈራው፦ እትዬ የሺን። ሰይድ ብቻውን እንዳይሄድ። ሀብቴ ቡድኑን እንዳይተው። እና ይህን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ የደሴው እንዳይቀርም እፈራለሁ።

ነገ ከሀብቴ ጋር ብልባላ እንሄዳለን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አሁን ምነው አፌን በቆረጠው እያልኩ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሚኒባሱ ገና ከከተማ ሳይወጣ ሾፌሩ ወራጅን ከፈተው። ሀብቴ «ወንድሜ ብትዘጋው» አለ። ረዳቱ ገረመው። «አልወደድከውም? የኛው አገር ልጆች እኮ ናቸው!» ሀብቴ መስኮቱ ላይ ግንባሩን ደገፈ። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግመው ከፈቱት።

እትዬ የሺ ደጃፋቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ምስር እየለቀሙ ነበር። ሀብቴን ጉንጩን ሳሙት። እኔን አዩኝ።

«ልጅቱስ?»

ሀብቴ «አብራኝ የምትሠራ» ብሎ ቆመ። መንገድ ላይ ስንት ነገር አሰናድቼ ነበር፣ ሁሉም ጠፋኝ። «ዘፈኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ» አልኩ።

ምስሩን መልቀም አላቆሙም። «ተቀመጪ» አሉኝ። ከዚያ ቆይተው «አሰሚኝ» አሉ። ለካ እስካሁን አልሰሙትም። የሰሙት ሰው ሲስቅበት ብቻ ነው።

ከፈትኩላቸው። የገዛ ድምፃቸው ሲመጣ እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቀረ። ከበሮው ሲገባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰይድ ሲጀምር ጆሯቸውን አዘነበሉ። ሲያልቅ «ይሄ ልጅ የሚለፈልፈው ስለምንድን ነው?» አሉኝ። ስለ መንገዱ፣ በመኪና ሄደው ስለማይመለሱ ልጆች ነው አልኳቸው። «ደህና ተናግሯል» አሉ።

«መላኩስ የታለ?»

አልገባኝም።

«መላኩዬ ብዬ እኮ ነው የምነሣው። ሁለቱም ስንኝ ላይ፣ ስሙን ጠርቼ። የታለ ስሙ?»

የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ቦታ። «ከምቱ ጋር አልሄደልኝም» አልኳቸው። ይህን ቃል ለአንዲት እናት ተናገርኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጄን የማንም ልጅ አደረግሽዋ» አሉ። «ስም የሌለውን ማን ያዝንለታል? እነዚያ ልጆች ምን ያድርጉ። ሰው መሆኑን መች አወቁ።»

«እመልሰዋለሁ እትዬ! ስሙን ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ፣ ኦሪጅናሉ አለኝ—»

«ተይ!» እዚህ ላይ ብቻ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ተይው። በስሙ ደግሞ ሊስቁበት?»

ሀብቴ አለቀሰ። «የቀዳሁት እኔ ነኝ። አላውቅም ያልኳችሁም ዋሽቼ ነው፣ ይቅር በሉኝ» አላቸው። «አውቄ ነው የጠየቅሁህ» አሉት። ከዚያ ለሁለታችንም ሳይሆን ለደጁ፣ ለአውድማው፣ «እንግዲህ ሰው ሲሞት ምን ይዤ ልሂድ? አፌን ስከፍት ይስቁብኛል» አሉ።

ሳንቀምስ አንወጣም አሉ። ባቄላ ቆሎ አቀረቡልን። ሁሉንም በላሁት። ስንነሣ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። እርግማንም አልወጣም። «መንገዱን ተጠንቀቁ» ብቻ።

አርብ፣ ኅዳር 12፤ ሚካኤል

ወደ ደሴ እየሄድን ነው። ይህን የምጽፈው ወገል ጤና ምሳ ቤት ውስጥ ነው። ሦስታችንም አለን። ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ ሰይድ ጋቢዬን ወስዶ ተከናንቧል።

ጠዋት ሀብቴ «አልሄድም» ብሎ ነበር። ሰይድ ባጃጁን ለወንድሙ አስረክቦ፣ አዲስ ጫማ አድርጎ መጥቷል። የብልባላውን ሁሉ ነገርኩት፣ ስሙንም፣ «ተይ» ማለታቸውንም። ጫማውን እያየ ሰማኝ። «ሄደን ሌላውን እንሥራ። ወራጅን አንሠራም» አለ። ቃል ገብተን መቅረት ነውር ነው አለ። ሀብቴ ሻንጣውን አመጣ።

ሰኞ ዕለት ሀብቴ ቀድቶ ሰጠኝ ብዬ ጽፌያለሁ። ውሸት አይደለም፣ ሙሉ እውነትም አይደለም። ዛሬ መንገድ ላይ ዋናውን ቅጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት። ከቆረጥኩት ወዲህ ከፍቼው አላውቅም። ውስጡ የሰው ሳል አለ፣ ዶሮ አለ፣ እና ከሁሉም ቅርብ፣ ስልኩን ከያዘው ሰው፣ የሀብቴ ልቅሶ አለ። ለዘፈን አልነበረም የቀዳው። መላኩ የአክስቱ ልጅ ነው፣ አብሮ አደጉ ነው፣ ለራሱ ነው የቀዳው። ለኔ ያሰማኝ ሐዘኑ ከብዶት ነው። እኔ ደግሞ እየሰማሁ በጣቴ ጠረጴዛ መታሁ። «ይሄ እኮ አዝማች ነው» አልኩት። ልጁ ከተቀበረ ገና ወር እንኳ በቅጡ አልሞላውም ነበር። ሀብቴ እምቢ አላለኝም። እምቢ የሚልበት አቅም መች ነበረው።

አሁን ከፊቴ ተቀምጦ ሽሮውን እየበላ ነው። ልነግረው ፈልጌ «ሀብቴ» አልኩት። «አውቃለሁ፤ ምሳሽን ብዪ» አለኝ። የቱን እንደሚያውቅ አልጠየቅኩትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆመን አናውቅም። መጀመሪያ «የቅዳሜ ገበያ»ን ሠራን፣ ከዚያ «ጭቃ»ን። አጨበጨቡልን። ጥሩ ሠርተናል፣ ይህን ልጻፈው፤ ሀብቴ እንደዛሬ ሆኖ አያውቅም።

ከዚያ ጀመሩ። «ወራጅ! ወራጅ!» ሦስተኛውን ዘፈን ከፈትኩ፣ ድምፃቸው ዋጠው። አዘጋጁ ከመጋረጃው ጀርባ በእጁ ምልክት ይሰጠኛል፣ ክፈቺው ይለኛል። ሙዚቃውን አጠፋሁ። ሰይድ ማይኩን ወሰደ። እንዲህ እንደሚል አልተነጋገርንም ነበር።

«ያ ዘፈን ለቅሶ ነው» አለ። «በሕይወት ያለች እናት ለልጇ ያለቀሰችው ነው። ለኔም አባት አልቅሳለታለች። ሳንጠይቃት ነው የወሰድነው። ነውር ሠርተናል፣ አንዘፍነውም።»

አንዳንዱ አጨበጨበ። ከዚያ ከወደ ኋላ አንዱ ጀመረው። «ተሳፋሪው ሁሉ...» ሌላው ተቀበለ። አዳራሹ በሙሉ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ እኛ፣ ዘፈነው። ሴቶች፣ ወንዶች፣ በር ላይ የቆሙት ጥበቃዎች ሳይቀሩ። እየዘለሉ። እኛ መብራቱ ሥር ቆመን አየናቸው። ክፉዎች አልነበሩም። ደስ ብሏቸው ነው። ሀብቴ ማይኩን መሬት ላይ አስቀመጠና ወረደ።

አዘጋጁ «ከእንግዲህ ማን እንደሚጠራችሁ አያለሁ» አለን። ሰይድ «አላህ ያውቃል» አለው። ዕቃችንን ሰብስበን ወጣን።

እሑድ፣ ኅዳር 14

መንገድ ላይ ነን፣ ጽሑፌ ይንቀጠቀጣል። የሰይድን ንግግር አንድ ሰው ቀርጾ ለቆታል። ከሥሩ የተጻፈውን ላለማንበብ ብዬ አነበብኩት። «ጀግና» የሚል አለ። «ተመልካች ሊሰበስቡ ነው» የሚል አለ። ብዙው የሳቅ ምልክት ነው። ከሁሉ የከፋው፣ «የት ነው የወረደው» ብለው የጻፉበት፣ ማይኩን አስቀምጦ ሲወርድ የተነሣው የሀብቴ ፎቶ ነው።

ሰይድ «ወላሂ ቀለለኝ፣ አብሽሪ አንቺም» አለኝና ትከሻዬ ላይ ተኛ። ቀናሁበት። እኔን አልቀለለኝም። እሱ ያለውን አደባባይ ላይ ተናገረ፤ እኔ የቆረጥኩት አሁንም በየሰው ስልክ ውስጥ ነው። ሺህ ጊዜ ይቅርታ ብል አንዲት «መላኩዬ»ን አልመልስም። ብመልስም አይፈልጉትም።

ቡድኑ ያለቀለት ይመስለኛል። ማናችንም አላልነውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሱቅ ከፈትኩ። ጋሽ ደምሴ ደሴ እንዴት ነበር አሉኝ። «ሄደን መጣን» አልኩ። ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም፤ እግዜር ይስጣቸው።

ምሳ ሰዓት ላይ ሀብቴ መጣ፣ ሰይድ ከኋላው። ሀብቴ ስልክ ተደውሎለታል። እትዬ የሺ ናቸው፣ በጎረቤት ስልክ። የአገሩ ልጆች የደሴውን አሳይተዋቸዋል።

«ምን አሉ?» አልኩት። የካርድ ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሰይድ ነው አለ። «ያ የሚለፈልፈው ልጅ አባቱ ማን ነበር?» ሀብቴ ሲነግራቸው አስታወሱ። «ያ ጨው ነጋዴው! አህያውን እንደ ልጁ የሚያቆላምጥ!» ብለው ለሱ የገጠሙትን በስልኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወጡለት። ሰይድ ይህን ሲሰማ ወደ በሩ ዞረ። ፊቱን አላየሁትም። ግጥሙን ሀብቴ በጆሮው ነገረው፣ ለኔ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

«ስለ እኔስ?»

«ስላንቺም አሉ።» የመላኩ ሙት ዓመት የፊታችን እሑድ ነው። ቅዳሜ ሦስታችንም እንድንመጣ። «ሊዘፍኑ እንዳይመስላቸው» ብለዋል። ወንዶቹ እንጨት እንዲፈልጡ፣ ድንኳን እንዲተክሉ። እኔ ውኃ እንድቀዳ። ሀብቴ «ልጅቱ ደግሞ የከተማ ልጅ ናት፣ ትችለዋለች ወይ?» ብለው እንደጠየቁ ሲነግረኝ ሳቀ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ሳቁ ነው።

«ለመላኩ ያለቅሱለታል? በስሙ?» አልኩት።

«አላውቅም። እሱን አልነገሩኝም።»

«ይቅር ብለውኛል ማለት ነው?»

ሀብቴ አሰበበት። እሱ የማያውቀውን አውቃለሁ አይልም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዋሸው።

«ይቅር ብያታለሁ አላሉም» አለኝ። «ውኃው ሩቅ ነው፣ በጠዋት ትምጣ ነው ያሉት።»